የአራብሳው መንገድ የየትኛው ምክር ቤት ጥያቄ ነው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ ብሎካችን የሚያስገባው መንገድ ተጀምሮ ቆሟል፤ ትራንስፎርመሩም መብራት ይዞ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ፓርላማው ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነት ሲወያይ በቴሌቪዥን ተከታተልኩ፤ መልሱ ‹በትኩረት እየተሠራ ነው› ሆነና አለቀ። የመረጥነው ተወካይ የመንገዱን ውል ማስመጣት ይችላል ወይ? ለመሆኑ ፓርላማው በየቀኑ የሚሠራው ምንድን ነው? እኔስ ገብቼ ማዳመጥ እችላለሁ?»

መልሴን ከመንገዱና ከትራንስፎርመሩ ልጀምር፤ ሁለቱ በአንድ በር አይገቡምና። ቦሌ አራብሳ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ሥራ ነው። ባለሥልጣኑ የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ነው፤ አስተዳደሩን የሚቆጣጠረው ደግሞ በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት፣ የከተማው ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት 138 አባላት አሉት፤ ብዙ ሰው አራት ኪሎ ካለው ፓርላማ ጋር ያምታታዋል። ትራንስፎርመሩ ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፤ ተቋሙ የፌዴራል ስለሆነ ጉዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጥያቄዎ የውሃ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ወደ ከተማው ይመጣ ነበር፤ የለገዳዲ ግድብ ከከተማዋ ወሰን ውጭ ቢሆንም ውሃውን የሚያከፋፍለው የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ለገጣፎ ቢሻገሩ ደግሞ እዚያ ያለው ጎረቤትዎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ ነዋሪ ነው፤ የእሱ የመንገድ አቤቱታ የሚደርሰው ወደ ኦሮሚያ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ክልሉ ምክር ቤት፣ ማለትም ወደ ጨፌው ነው። ከተማ ዳር ያለ ሰው እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ የሦስት ምክር ቤቶችን ጉዳይ ሲያነሳ ይውላል።

እርግጠኛ ለመሆን የፕሮጀክቱን ሰሌዳ ያንብቡ። «አሠሪ» ወይም «የፕሮጀክቱ ባለቤት» ከሚለው ጎን የተጻፈው ስም ነገሩን ይለየዋል፤ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ከሆነ ፌዴራል፣ የከተማው ባለሥልጣን ከሆነ የከተማ። በኮተቤና በካራ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚወጣው ያለ ዋና መንገድ ከሆነ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ጭምር መጠየቅ ይገባል። ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱት፤ የሥራ ተቋራጩና የአማካሪ መሐንዲሱ ስም፣ አንዳንዴም ሥራው የሚጠናቀቅበት ቀን እዚያው ላይ ይገኛል። ይህን ሳያጣሩ ለፌዴራሉ ፓርላማ የከተማ ጉዳይ ቢጽፉ የሚደርስዎ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል መመራቱን የሚገልጽ ሸኚ ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ ጊዜ ከመብላት በቀር የሚፈይደው የለም።

አሁን ወደ አራት ኪሎ እንሂድ። የምክር ቤቱ ዓመት የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ተደንግጓል። በመሀል የአንድ ወር እረፍት አለ፤ ብዙውን ጊዜ የካቲት ላይ ይውላል። በመክፈቻው ዕለት ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን) በጋራ ተሰብስበው የርእሰ ብሔሩን ንግግር ያዳምጣሉ፤ በኋላ አባላቱ በንግግሩ ላይ ተወያይተው የድጋፍ ሞሽን (ንግግሩን የሚደግፍ የውሳኔ ሐሳብ) ያጸድቃሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ሕዝብ በቴሌቪዥን አዘውትሮ የሚያየው ይህንንና የበጀቱን ቀን ነው። የዘወትሩ ሥራ ከዚህ ይልቅ ደረቅ ነው።

መደበኛ ስብሰባ የሚካሄደው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለቱም ቀን ይሞላል ማለት ግን አይደለም። አፈ ጉባኤው ምልዐተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጣሉ፣ የዕለቱን አጀንዳ ያስተዋውቃሉ፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀርቦ ይጸድቃል። ምልዐተ ጉባኤ ማለት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት ነው። ውሳኔ የሚያልፈው ደግሞ ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት በአብላጫው ነው። ሒሳቡን ይመልከቱት፦ ወንበሮቹ 547 ናቸው፤ ሁሉም ቢሞሉ 274 ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይጀመራል፣ የተገኙት ሁሉ ድምፅ ቢሰጡም 138 ሰው ከደገፈ ሕግ ይወጣል። (ቁጥሩ ከከተማው ምክር ቤት አባላት ቁጥር ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው።)

አዲስ ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ዋና ተጠሪ አስፈላጊነቱን ያብራራሉ፤ ጥቂት አባላት አስተያየት ይሰጣሉ፤ ከዚያ «ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴው ተመርቷል» ይባላል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ቋሚ ኮሚቴው ረቂቁን ያመነጨውን መሥሪያ ቤት አስረጂ አድርጎ ይጠራል፣ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያዘጋጃል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ይሄድበታል። ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ሲመለስ ሰብሳቢው ሪፖርቱንና የውሳኔ ሐሳቡን ያነባሉ፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ተቆጥሮ ካለፈ የአዋጅ ቁጥር ይሰጠዋል። ሕጉ ለርእሰ ብሔሩ ተልኮ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመም በሥራ ላይ ይውላል። በቴሌቪዥን «ጸደቀ» ሲባል ሰምተው አስተያየት ለመላክ ቢነሱ እንግዲህ ዘግይተዋል። አስተያየት የሚሰማው ቋሚ ኮሚቴው መድረክ በጠራበት ሳምንት ነው፤ በጽሑፍ፣ አንቀጹን ጠቅሶና ምትክ አነጋገር አቅርቦ የመጣ አስተያየት ከንግግር ይልቅ ሪፖርቱ ውስጥ የመግባት ዕድል አለው።

ስለ ግልጽነት የሚደረገውን ክርክር በተመለከተ፦ ግልጽነት አያስፈልግም ብሎ የሚነሳ ተናጋሪ በየትኛውም ፓርላማ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ልዩነቱ የሚወጣው የሚከለከለው መረጃ ሲዘረዘር ነው፦ የካቢኔ ሰነድ፣ የሀገር ደህንነት፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ። «ምስጢር ነው» ብሎ የሚወስነው ማነው? ውሳኔውን ማን ይመረምራል? በስንት ቀን? ቀኑን ያሳለፈ ሹም ምን ይደርስበታል? ክርክሩ በእነዚህ ላይ ካልደረሰ ቴሌቪዥኑን ቢያጠፉት የሚያመልጥዎ ነገር የለም።

አሁን ያለው የመረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን ቆሟል። አንዳንድ ጽሕፈት ቤት «ያ አዋጅ ተሽሯል» ሲል ይሰማል፤ እንዲህ ሲባሉ ይህን ልዩነት ያስረዱ።

ወደ ተወካዩ እንምጣ። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት። የእርስዎ ተወካይ የምርጫ ክልልዎ አባል ነው፤ ሆኖም አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸውና ከ23ቱ ማንኛውም፣ የሌላ አካባቢ አባልም ቢሆን፣ ስለ ትራንስፎርመርዎ መጠየቅ ይችላል። ሥልጣኑ ከአንቀጽ 55 ይመጣል፦ በንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የአስፈጻሚውን አሠራር ይመረምራል። በንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ አንድ ሦስተኛው አባላት ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፤ ወንበሩ ሁሉ ቢሞላ ይህ የ183 ሰው ፊርማ ነው። ለአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ይህ አይታሰብም፤ ለእርስዎ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ «በትኩረት እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ከየት ይመጣል? ሰዎች የሹሙን ጠባይ ይወቅሳሉ፤ የኔ ግምት ግን አብዛኛው ችግር ከጥያቄው አወጣጥና ከአቀራረቡ ነው። አባላት ተራ በተራ እየተነሱ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፣ ጥያቄዎቹ ይጠራቀማሉ፣ ተጠያቂው ማስታወሻ ይዞ ሁሉንም በአንድ ንግግር ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን ቁጥር የሚጠይቀው ጥያቄ ሰፊ ከሆነው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፤ ጠያቂውም «ይህ አልተመለሰም» ብሎ ዳግም የሚነሳበት ተራ ብዙ ጊዜ አያገኝም። የሌላውን ሀገር ለማነጻጸር ያህል፣ በካናዳ የታችኛው ምክር ቤት አንድ አባል በአንድ ጊዜ እስከ አራት የጽሑፍ ጥያቄ ማስመዝገብና መልሱ በ45 ቀን እንዲመጣ መጠየቅ ይችላል፤ ቀኑ ካለፈ የመልሱ አለመምጣት ራሱ ወደ ኮሚቴ ይመራል። ጥያቄው ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ መልሱም ከጥያቄው ሥር ይታተማል። እኛ ጋ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት የሚቻለው ጥያቄውን በጠቅላላ ጉባኤው መድረክ ብቻ ሳይተዉ በቋሚ ኮሚቴው በኩል ሰነድ በማስጠየቅ ነው።

ልዩነቱን ልብ ይበሉ። ተወካይዎ «በከተማዋ ዳርቻ የሚታየውን የኃይል መቆራረጥ ለመፍታት ተቋሙ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በምትኩ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ይስጧቸው፦

«በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ቦሌ አራብሳ ሳይት፣ (የብሎክ ቁጥር) አካባቢ ያለው ትራንስፎርመር አቅም በኪሎ ቮልት አምፔር ስንት ነው? የተመዘገቡ ደንበኞች ስንት ናቸው? ካለፈው ሐምሌ 1 ወዲህ የተመዘገበው ብልሽት በቀንና በሰዓት ተዘርዝሮ፣ ተጨማሪ ትራንስፎርመር በዕቅድ ተይዞ እንደሆነ የተያዘለት በጀትና የሚተከልበት ወር ተገልጾ፣ ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ውስጥ «ምን እየተሠራ ነው» የሚል ቃል የለም። የተጠየቀው ተቋሙ መዝገብ ላይ ሊገኝ የሚገባ ነገር ብቻ ነው፤ መልስ ሰጪው ወይ ቁጥሩን ያመጣል፣ ወይ የለኝም ይላል። «የለኝም» ራሱ መልስ ነው፤ ቋሚ ኮሚቴው የስድስት ወር ወይም የዘጠኝ ወር የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ሲገመግም ሊያነሳው ይችላል።

የመንገዱ ጥያቄ ለከተማው ምክር ቤት አባል ሲሰጥ በዚያው መልክ ይጻፍ፤ የግንባታ ቋንቋ ግን ይኑረው። ውሉ የተፈረመበት ቀንና ጠቅላላ ዋጋ፤ የተከፈለው ቅድመ ክፍያ፤ እስካሁን የጸደቁ የክፍያ ሰርተፍኬቶች (ለተሠራ ሥራ የሚጸድቁ የክፍያ ሰነዶች) ድምር፤ የፊዚካል አፈጻጸሙ፣ ማለትም መሬት ላይ የተሠራው ሥራ፣ በመቶኛ፤ የተሰጠ የጊዜ ማራዘሚያና ምክንያቱ፤ ያልተጠናቀቀ የወሰን ማስከበር ሥራ ካለ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን አይርሱ። ከተማ ዳር መንገድ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የወሰን ማስከበር ነው፦ ካሳ ያልተከፈለው ይዞታ፣ ያልተነሳ የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ መስመር። ሥራ ተቋራጩ «ቦታ አልተረከብኩም» ይላል፣ አሠሪው «ተረክቧል» ይላል፤ ሁለቱም በቃል ይናገሩታል። የርክክብ ደብዳቤው ቀን ሲጠየቅ ነገሩ ይለያል። ደግሞም የፊዚካልና የፋይናንስ አፈጻጸሙን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የተከፈለው 60 በመቶ ሆኖ የተሠራው 35 በመቶ ከሆነ ክፍተቱ ቅድመ ክፍያው ያልተመለሰ ስለሆነ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው።

ኦዲትንም አይናቁት። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ደግሞ ግኝት የተገኘባቸውን መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች ጠርቶ በየግኝቱ ያፋጥጣል። በኔ ሚዛን ከጠቅላላ ጉባኤው ንግግሮች ይልቅ ስለ ግልጽነት የሚያስተምሩት እነዚህ መድረኮች ናቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ «በወቅቱ ያልተወራረደ ሒሳብ» የተባለው ብር ተቆጥሯል፤ ኃላፊው ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ዓላማው አይናገርም። ከተማውም የራሱ ዋና ኦዲተር አለው፤ ሪፖርቱን የሚሰማው የከተማው ምክር ቤት ነው፣ መንገድዎም የሚገኘው በዚያኛው ወገን ነው።

ተወካይ ሳይጠብቁ ራስዎም መጠየቅ ይችላሉ፤ ሁለቱን ዘዴዎች ጎን ለጎን መያዝ ይሻላል። በአዋጅ 590/2000 መሠረት ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቢሮ ድረስ ሄዶ በቃል ይጠይቃል፣ «ሳምንት ይመለሱ» ይባላል፣ ይመለሳል፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። 30 ቀኑ የተጀመረበት ማስረጃ ስለሌለ መቼም አያልቅም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ መዝገብ ቤት አስገብተው በእርስዎ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ያስደርጉ። ውስጡ ስም፣ አድራሻና የሚፈልጉት ሰነድ በትክክል ይጠቀስ፤ «ስለ መንገዱ ያለው መረጃ ሁሉ» ከማለት «የውሉ የመጀመሪያ ገጽ፣ የዋጋ ማጠቃለያውና የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤዎቹ» ይበሉ። በሰፈሩ ስለደረሰው በደል ረጅም መግቢያ አያስፈልግም፤ ደብዳቤውን ወደ አቤቱታ ይለውጠውና ወደ ሌላ ክፍል ያስመራዋል። ለፎቶ ኮፒ ሊያስከፍሉዎ ይችላሉ፤ ደረሰኝ ይጠይቁ።

«የሥራ ተቋራጩ የንግድ ምስጢር ነው» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? የድርጅቱ ዝርዝር የዋጋ ስሌት ሊያከራክር ይችላል፤ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈለው ጠቅላላ ዋጋና የማጠናቀቂያው ቀን ግን ምስጢር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። የተከለከለውን ክፍል ሸፍነው ቀሪውን እንዲሰጡዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እምቢታውም በጽሑፍ ይሁን። 30 ቀኑ በዝምታ ካለፈም ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥረው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመልክቱ። ከዚያ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው፣ አገልግሎቱም አያስከፍልም። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። በየደረጃው ማህተም ያለበት ቅጂዎን አባሪ ያድርጉ።

ስለ መግባት የጠየቁት፦ የምክር ቤቱ ስብሰባ በአንቀጽ 58 መሠረት ለሕዝብ ግልጽ ነው። ዝግ የሚሆነው አባላቱ ወይም አስፈጻሚው ጠይቆ ከግማሽ በላይ አባላት ሲደግፉት ነው። ይህ ማለት ግን ማክሰኞ ጠዋት ከአያት ባቡር ተሳፍረው፣ መገናኛ ወርደው፣ በታክሲ አራት ኪሎ ደርሰው በሩን ማንኳኳት አይደለም። አስቀድመው ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፣ የዕለቱን አጀንዳ ይጠይቁ፣ መታወቂያ ይያዙ፤ ፍተሻ አለ። በነዋሪ ኮሚቴ ወይም በዕድር ስም ቢያመለክቱ ይቀላል። ምርጫው ካለዎ ደግሞ ከጠቅላላ ጉባኤው ይልቅ የሚመለከትዎን የቋሚ ኮሚቴ መድረክ ይጠይቁ፤ የትኛው ኮሚቴ የትኛውን ተቋም እንደሚከታተል ጽሕፈት ቤቱ ይነግርዎታል።

ጊዜውንም ያስተካክሉ። የመረጃ ጥያቄዎን በጥቅምት ካስገቡ 30 ቀኑ ኅዳር ላይ ያልቃል፤ የመጣው መልስ ወይም እምቢታ ታኅሣሥ ላይ በተወካይዎ እጅ ይሆናል። የስድስት ወሩ ሪፖርት ጥርና የካቲት አካባቢ ሲገመገም ጥያቄው ይነሳል። በእረፍቱ ወር አባላት ወደ መራጮቻቸው ስለሚወጡ ስብሰባው አያት አካባቢ ወይም በወረዳው አዳራሽ ሲጠራ የጽሑፍ ጥያቄዎን ይዘው ይገኙ፤ ንግግር ካደረጉ በኋላ ወረቀቱን ለተወካዩ በእጅ ይስጡ፣ ቅጂውን ያስፈርሙ። ግንቦትና ሰኔ የበጀት ወራት ናቸው፤ ለቀጣዩ ዓመት ገንዘብ እንዲያዝ የሚጠይቁ ከሆነ ረቂቁ ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ መሥሪያ ቤቱን ይያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፓርላማው ዝግ ነው፣ መንገድ ሠሪውም በክረምት አስፋልት አያነጥፍም። የከተማው ምክር ቤት የጉባኤ ቀናት ከፌዴራሉ ጋር ስለማይገጥሙ ለመንገዱ ጥያቄ የስብሰባውን ቀን ከራሱ ከከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ።